ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቲሸርት ለተሰጠው ሰው

ኅዳር ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። ከሰው ኃይል ክፍል ካርቶን ይመጣል። ካርቶኑ ውስጥ የታላቁ ሩጫ፣ የዚያ የ10 ኪሎ ሜትሩ የጎዳና ሩጫ፣ ቲሸርት አለ። መካከለኛው ቁጥር ወዲያው ያልቃል፤ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ለሁለት የሚበቃው ይቀራል። ሁሉም ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ “ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ነው!” ይባባላል። ነገ ስብሰባ ይኖራል። ከነገ ወዲያ ልጅ ያማል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሩጫው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ሰውየው ግን ገና ከአንድ ፌርማታ እስከ ሌላው እንኳ አልሮጠም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። አሰልጣኝ አይደለሁም። የቢሮአችንን ቡድን የማስተባብረው እኔ ስለሆንኩ ግን በየዓመቱ “በቃ አሁን ምን ይሻለኛል?” የሚለው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። የምነግራቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። በሁለት ሳምንት ትንፋሽ አይገነባም። ባላችሁ አቅም ነው የምትገቡት፤ ሥራችሁ ያለውን ማብቃቃት ነው። ትንፋሽ እንደ ወር ደሞዝ ነው። በወሩ አምስተኛ ቀን ሁሉን የበተነ ሰው ሃያ አምስት ላይ ብድር ፍለጋ ይዞራል። መንገድ ላይ ደግሞ አበዳሪ የለም።

የማብቃቂያው ዘዴ አንድ ነው፦ ሳይደክማችሁ ተራመዱ። ልብ በሉ፣ “ሲደክማችሁ” አላልኩም። ከተነሳችሁበት ደቂቃ ጀምሮ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፤ እንደገና 2፣ እንደገና 1። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትራመዱ ምንም አልደከማችሁም፤ ትንሽ ታፍራላችሁ። እፍረቱን ቻሉት። “መራመድ የሰነፍ ነው” ለሚላችሁ ደግሞ፣ ሩጫን ከእርምጃ ጋር ማፈራረቅን በሰፊው ያስተዋወቀው ጄፍ ጋሎዌይ የተባለ አሜሪካዊ መሆኑን ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አገሩን ወክሎ የሮጠ ሰው ነው።

ሒሳቡንም ልሥራላችሁ፤ እሱ እንኳ ሙያዬ ነው። ቀልጠፍ ብሎ የሚራመድ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትሩን አንዴም ሳይሮጥ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል ማለት ነው። 2 ለ 1 የሚያፈራርቅ ሰው ደግሞ ሶምሶማው በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ተኩል፣ እርምጃው 10 ደቂቃ ተኩል ቢሆን በ1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ይገባል። ልዩነቱ 17 ደቂቃ ነው። ለ17 ደቂቃ ብሎ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ማለት ምን ይሉታል? ፊት ያሉት አትሌቶች እንደሆነ 28 ደቂቃ አካባቢ ጨርሰው ሄደዋል። የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲካሄድ ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። የናንተ ፉክክር ከማንም ጋር አይደለም።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለ ሰው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። እዚህ የኖረ ሰው ለምዶታል፤ ለምዶታል ማለት ግን ሮጦበታል ማለት አይደለም። ለሩጫው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ብቅ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ጠንቀቅ በሉለት። “እኔ እኮ እዚያ በየሳምንቱ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ” ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ እዚያ ይሮጣል። እዚህ ግን ሐሙስ ገብቶ እሁድ የሚሮጥ ከሆነ 1 ደቂቃ ሩጫ 1 ደቂቃ እርምጃ ይበቃዋል። ራስ ምታት ካለው፣ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ጭራሽ እየተራመደ ይጨፍር።

አሁን ወደ ሁለቱ ሳምንታት። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ውጡ፣ በመካከል ቀን እየዘለላችሁ። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፦ 5 ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማና እርምጃ ማፈራረቅ። ሰዓት ማየት ከሰለቻችሁ የመብራት ምሰሶ ቁጠሩ፤ ሦስት ምሰሶ ሶምሶማ፣ ሁለት ምሰሶ እርምጃ። በወጣችሁ ቁጥር እየጨመራችሁ ሂዱና ከሩጫው በፊት ባለው እሁድ 45 ወይም 50 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። 10 ኪሎ ሜትሩን “ልሞክረው” ብሎ አስቀድሞ መሮጥ እግርን አድክሞ መሄድ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ 15 ደቂቃ ፈታ በሉ፣ በቃ። በዚያ ሳምንት የተሠራ ልምምድ ለእሁዱ አይደርስም፤ የሚደርሰው ድካሙ ነው።

የት ይሠራ? መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ማለዳ የሚሮጡ ሰዎች አይጠፉም፤ በአንዱ እርከን ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሳችሁ ስትሮጡ ማንም ዞሮ አያያችሁም። በሰፈር ከሆነ ከኮብልስቶን አስፋልት ይሻላል፤ ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ጎህ ሳይቀድ አትውጡ። ጨለማ ውስጥ የሰፈር ውሻ የሚሮጥ ሰው አይወድም፤ ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ነው የሚሆነው። እንጦጦ ይቅርባችሁ። አየሩ ደስ ይላል፣ ግን ከከተማው በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። ለጀማሪ ቅጣት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ፈጽሞ አትውጡ፤ ኅዳር 12። ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን ነው። የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀበት ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። በየሰፈሩ የሚጨሰው ነገር ብዙ ነው፣ ላስቲክም አለበት። ሩጫው ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ስለሚውል ልምምዳችሁ እዚያ ቀን ላይ እንዳያርፍ አስቀድማችሁ ቀኑን እዩ።

ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በወሬ። ይህን በደንብ የገባኝ እትዬ ከምንላቸው የክፍላችን አንጋፋ ሴት ጋር መስቀል አደባባይ ስንለማመድ ነው። እትዬ ሃምሳዎቹን አልፈዋል። ሶምሶማ እያልን የልጃቸውን ሠርግ ወጪ ይተርኩልኝ ጀመር። የድንኳን ኪራዩን፣ የወንበሩን፣ የበሬውን ዋጋ ከነክርክሩ ነገሩኝ። ጠላው ላይ ሲደርሱ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተቆረጠ። “ጌሾው… ቆይ… ጌሾው…” አሉና እጃቸውን አነሱ።

“እሺ እትዬ፣ እንራመድ” አልኳቸው።

“አይ፣ ጠላውን ልጨርስልህ ብዬ ነው እንጂ” አሉ፣ እየተራመዱ። ጌሾውን ጨረሱ፣ ወደ ሶምሶማው ተመለስን።

መለኪያው ይሄ ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆረጥባችሁ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ የናንተ ነው። ካቃታችሁ ቀንሱ። ውድ ሰዓት አያስፈልግም፤ ወሬኛ ጓደኛ ይበቃል።

ጫማ ላይ አጭር ልሁን። አዲስ አትግዙ። ከገዛችሁም ሩጫው ቀን አትመርቁት። አሁን ያላችሁ ስኒከር ሶሉ ካልተላጠ፣ ጣታችሁን ፊት ላይ ካልነካ ይሁን። ከሰልባጅ የተገዛ ጥሩ የመሮጫ ጫማ ገበያ ላይ አለ፤ ግን ሶሉን በእጃችሁ አጥፉት፤ እንደ ጣውላ ከደረቀ ተዉት። የእግር ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። ቲሸርቱን አንዴ እጠቡትና ለብሳችሁ ተለማመዱበት፤ ጨርቁ ብብት ይልጣል። ብብት፣ የጭን ውስጥ፣ ለወንዶች የጡት ጫፍ፣ እነዚህ ላይ ቫዝሊን። ይህን የሚነግራችሁ ሰው የለም፤ ማታ ሻወር ቤት ስትገቡ ነው የሚገባችሁ።

ቅዳሜ ማታ ትልቁ ፈተና ነው። ድራፍት አይሆንም። ጫትም አይሆንም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ልባችሁ ደግሞ ነገ ሌላ ሥራ አለበት። ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ የለመዳችሁት ነገር በጊዜ ይበላ። ክትፎና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለድሉ ይቆይ። ባቄላና ሽምብራ የሚነፋው ሰው ሽሮውን ይዝለል፤ በሕዝብ መሃል ስለምትሮጡ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ቢል አትጨነቁ፤ አርብ ማታ በደንብ ከተኛችሁ ያ ይሸከማችኋል።

ጠዋት ከመነሻው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ትንሽ ብሉ። ዳቦ በማርማላታ፣ ሙዝ፣ ሻይ። በሶ የለመደ ሰው በሶውን በስኳር በጥብጦ ይጠጣ፤ ያልለመደ ግን “አትሌቶች ይጠጡታል” ብሎ በዚያ ቀን አይጀምር፣ ሆድ ውስጥ ይከብዳል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ሩጫው ከዚያ በኋላ ቢውል እንኳ ቀኑ እሁድ ነው፤ ከፍስክ ምግብ እንጂ ከቁርስ አትከለከሉም። ውኃ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ ጉንጭ ጉንጭ። ሁለት ሊትር ጠጥቶ መነሻው ላይ መቆም ምን እንደሆነ ሽንት ቤት ፊት ያለውን ሰልፍ ያየ ያውቀዋል። ሽንት ቤቱን ቤታችሁ ጨርሱ።

የሕመም ማስታገሻ አስቀድማችሁ አትውሰዱ። “እንዳያመኝ” እያሉ ዳይክሎፌናክ ወይም ከአሜሪካ የመጣ አድቪል የሚውጡ አሉ። ላብ እያጠመቃችሁ፣ ውኃ እያነሳችሁ፣ ያን መድኃኒት መጨመር ኩላሊትን ማስቸገር ነው። ትኩሳት ካለባችሁ ቤት ቅሩ፤ ቲሸርቱ የትም አይሄድም። የልብ ሕመም፣ ያልተቆጣጠራችሁት ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ወይ ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ከሆነ ከሩጫው በፊት ሐኪም እዩ። አስም ያለበት መንፊያውን (ኢንሄለሩን) ኪሱ ይያዝ።

መንገዶች በማለዳ ይዘጋሉ፤ ታክሲው ከሩቅ ያወርዳችኋል፤ ቀሪውን በእግር ነው። እንደ ማሟሟቂያ ቁጠሩት። የኅዳር ጠዋት ብርድ አጥንት ይገባል፣ ስለዚህ ብትጥሉት የማይቆጫችሁ አሮጌ ሹራብ ደርቡ። ኪስ ውስጥ አንድ ቁልፍ፣ የመመለሻ ብር፣ ሌላ ምንም። ስልክ ግድ ከሆነ ዚፕ ባለው ኪስ። ሕዝቡ ውስጥ የሚጨፍረው ሁሉ ለጭፈራ አልመጣም። የጫማ ክራችሁን ደርባችሁ እሰሩ። መሃል መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ክር ማሰር ከኋላ የሚመጣውን ማዕበል አለማወቅ ነው።

አሁን መነሻው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ መስቀል አደባባይ ሞልቷል። ሙዚቃው ያንቀጠቅጣል። አንዱ ቡድን “ሆ!” ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥሩንባ ይነፋል። ሰዓቱ ሲደርስ ወዲያው አትሮጡም፤ መጀመሪያ ትቆማላችሁ፣ ከዚያ ትገፋላችሁ፣ ከዚያ ትራመዳላችሁ፣ የመነሻውን መስመር ካለፋችሁ በኋላ ነው መንገዱ የሚከፈተው። ልክ ሲከፈት ዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ ይበራል። ባንዲራ የለበሰ ጎረምሳ በግራ፣ ጓደኛዋን በእጅ የምትጎትት ልጅ በቀኝ፣ ሕፃን ትከሻው ላይ ያዘለ አባት ሳይቀር ያልፋችኋል። እግራችሁ ሳታዙት ይከተላቸዋል።

አትከተሉ። ሙሉ ምክሬ እዚህች ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች “ምነው እንዲህ ተንቀራፈፍኩ” እስክትሉ ድረስ ቀስ ያሉ ይሁኑ። ወደ ቀኝ ጠርዝ ውጡ፣ የ2 ለ 1 ማፈራረቃችሁን ጀምሩ። ልትራመዱ ስትሉ እጃችሁን ከፍ አድርጉና ወደ ዳር ያዙ፤ በድንገት አትቁሙ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያን ጎረምሳ ታገኙታላችሁ። ባንዲራውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አስፋልቱን ያያል። “አይዞህ” ብላችሁ እለፉት።

ከዚያ ዳገቱ ነው። መስመሩ ከዓመት ዓመት ሊቀየር ይችላል፤ የዓመቱን ካርታ እዩ። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ዞሮ ዳገት ሳይወጡ መመለስ የለም። ዳገት ላይ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ተራመዱ። እርምጃ አሳጥሩ፣ እጅ አወዛውዙ፣ ዓይናችሁ ጫፉን ሳይሆን ፊታችሁ ያለውን መሬት ይይ። ዳገት የሚሮጠውና የሚራመደው ጀማሪ ጫፉ ላይ ብዙም አይራራቁም፤ አንዱ ግን ማውራት ይችላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አትልቀቁት፤ በማግስቱ ጭን የሚያሳምመው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። አጭር አጭር እርምጃ።

ጎናችሁን ውጋት ቢይዛችሁ ተራመዱ፣ በረጅሙ አስወጡ፣ የሚወጋውን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጉ፤ ይለቃል። ባታችሁን ቢይዛችሁ ዳር ውጡ፣ አጥር ወይም ምሰሶ ተደግፋችሁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ሳቡት። ውኃ የሚታደልበት ቦታ ላይ መጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ አትጋፉ፤ ወደፊት ሌላ አለ። እየተራመዳችሁ ጠጡ። ከአናት ላይ ማፍሰሱ ያስደስታል፣ ጫማ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ፤ እርጥብ ካልሲ ውኃ ያስቋጥራል።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሁሉም ሰው ጸጥ ይላል። ሙዚቃ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ግን ቆም ብላችሁ ጨፍሩ፤ ይህ ሩጫ የሚታወቀው በዚህ ነው፣ እረፍትም ነው። 2 ለ 1 ከከበዳችሁ 1 ለ 1 አድርጉት። እሱም ከከበደ ተራመዱ፤ ሒሳቡን ቀድመን ሠርተናል።

ችላችሁት የማይታለፍ ነገር ግን አለ። ደረት መጨነቅ፣ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ላይ የሚሄድ ሕመም፣ ዓይን መጨለም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ግራ መጋባት ካለ በዚያው ቁሙ። “ትንሽ ነው የቀረኝ” አይባልም። የሕክምና ሰዎች በመንገዱ ላይ አሉ፤ አጠገባችሁ ያለውን ሰው “ጥራልኝ” በሉት።

መጨረሻውን ስታልፉ አትቀመጡ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ሜዳሊያችሁን ውሰዱ፣ ውኃ ጉንጭ ጉንጭ በሉ። ላቡ ሲደርቅ ብርዱ ይመለሳል፤ ደረቅ ልብስ የያዘላችሁ ሰው ካለ ከልብ አመስግኑት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ብሉ። የጾም ከሆነ በያይነቱ፣ ካልሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሕመሙ እሁድ ማታ አይደለም የሚመጣው። ሰኞና ማክሰኞ ነው። ደረጃ ስትወርዱ የኋሊት መውረድ ያምራችኋል። ቀለል ያለ እርምጃ ያፍታታዋል፤ ተኝቶ መዋል ያባብሰዋል። ሁለቱም ጭን እኩል ካመመ የጡንቻ ነው፣ እስከ ሐሙስ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚያም፣ ያበጠ ወይም እግር የሚያስነክስ ከሆነ ግን ወጌሻ ከመፈለግ በፊት ሐኪም ይየው። የጠቆረ ጥፍር ካለ አትነካኩት፤ ራሱ ይወድቃል፣ ሌላ ይበቅላል። በሚቀጥለው ጫማ ስትገዙ ግማሽ ቁጥር ጨምሩ።